ስድስት እንግዳ፣ ሦስት ባቡር፣ አንድ ሰርቪስ ቤት፦ ዲሲሲ-ኢኤክስና ኢንጂን ድራይቨር ጅማ ላይ

መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ጅማ ባቡር የለም። ኖሮም አያውቅም። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ እዚያው ለገሃር ቆመ። ወደ እኛ የሚዞረው ሃዲድ ወረቀት ላይ ተሰምሮ ነበር እንጂ መሬት አልነካም። ስለዚህ "ቤቴ ባቡር አለ፣ ቅዳሜ ኑና እንንዳ" ስል ሰዎች መጀመሪያ ያዩት ግንባሬን ነው፤ ትኩሳት ይኖረው ይሆን ብለው።

ግን አለ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚሄድ፣ አሳንሶ የተሠራ ሞዴል ባቡር ነው። የምንነዳው ርዕሱ ላይ ባሉት ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች ነው። ሰርቪስ ቤቱ አራት በሦስት ሜትር ነው። ግድግዳውን ተከትሎ ወገብ የሚደርስ ጠረጴዛ ይዞራል፤ በላዩ ከጅማ ተነስቶ ግቤን ተሻግሮ፣ ወልቂጤንና ወሊሶን አልፎ ለገሃር የሚገባ መስመር ተዘርግቷል። ልኩ ኤችኦ የሚባለው፣ 1 ለ87 ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ በዚህ ልክ አሳንሶ ለመሥራት እንኳ አራት ኪሎ ሜትር ሃዲድ ያስፈልጋል። እኔ ያለኝ 18 ሜትር ነው። ግቤ በረሃ አንድ ክንድ አይሞላም።

አንድ የሚነዘንዘኝ ወዳጅ አለ። የድሮው ምድር ባቡር ሃዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፣ ያንተ ሰፋ ይላል ይለኛል። ልክ ነው። የኤችኦ ሃዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ87 ሲባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ይኼ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ የጅቡቲ መስመር ስፋት ነው። አዲሱ ግን የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፣ የኔዎቹ የናፍጣ ባቡር መልክ ነው ያላቸው። ወዳጄ ይኼን ገና አላነሳብኝም። እንዳትነግሩት።

ይኼን የምጽፈው ባቡር በክብ ሲዞር ማየት ለሚፈልግ ሰው አይደለም። እሱ አንድ ካርቶን ገዝቶ ወለል ላይ ዘርግቶ ከልጆቹ ጋር ይጫወት፤ ደስ ይላል። እኔ የምለው ሰው ቤት ጠርቶ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ሰጥቶ፣ ጭነት እያነሱና እያደረሱ፣ አንዱ ባቡር ሌላውን ጣቢያ ላይ እየጠበቀ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚኬድበትን ነገር ነው። እኛ ቤት ስሙ ፈረቃ ነው። መጀመሪያ ሰሞን "ቅዳሜ ፈረቃ አለ" ስንል የሰሙ ጎረቤቶች መብራት ሊጠፋ ነው ብለው ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው ጠብቀዋል።

ለዚህ መቼም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሁሉም በአንድ ሃዲድ ላይ የየራሱን ባቡር መንዳት መቻሉ ነው። በድሮው ዘዴ የሃዲዱን ቮልት ከፍ ዝቅ ታደርጋለህ፤ ሃዲዱ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይሮጣል፣ አብሮ ይቆማል። ዲሲሲ በሚባለው ዲጂታል ዘዴ ግን ሃዲዱ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለው፤ ትእዛዙም በዚያው ሃዲድ ነው የሚላከው። እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው) ሆዱ ውስጥ ዲኮደር የምትባል ትንሽ ሰሌዳ አለችው፣ ቁጥርም አለው። ቁጥሩ ሲጠራ "አቤት" ይላል፤ የሌላውን አይሰማም።

ትእዛዙን የሚልከው መሣሪያ ተሠርቶ ሲገዛ ውድ ነው። ለእያንዳንዱ እንግዳ የእጅ መቆጣጠሪያ ሲጨመርበት ደግሞ አይቀመስም። ብር አልጽፍም፤ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም። ዲሲሲ-ኢኤክስ ግን ነፃ ሶፍትዌር ነው። አርዱዊኖ ሜጋ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ትጭነዋለህ፣ በላዩ ለሃዲዱ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ የሞተር ሺልድ የሚባል ሰሌዳ ትደርባለህ፣ ዋይፋይ የምትሰጥ ትንሽ ሰሌዳ ትጨምራለህ፣ አለቀ። እኔ ብየዳ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የገጣጠመልኝ ሰፈራችን ተከራይቶ የሚኖር የጅማ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ተማሪ ነው፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ። ክፍያው ምሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየፈረቃው የማይነካ ወንበር አለው።

ሎኮሞቲቮቹ የመጡት በዘመድ ሻንጣ ነው። አንዱን የሸጠልን ሱቅ "ዲኮደር አለው" ብሎ ልኮ፣ እዚህ ሲከፈት ሆዱ ባዶ። ማን ይመልሰዋል? ከመጓዙ በፊት እዚያው ከፍቶ ሃዲድ ላይ አስኪዶ የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ።

አሁን ወደ እንከኑ። እኔ ጋ ያለው የሞተር ሺልድ አቅሙ ትንሽ ነው፤ አንድ አምፔር ተኩል አካባቢ ሲደርስ ያቆማል። ለሦስት ባቡር ይበቃል፤ የኔዎቹ እያንዳንዳቸው ግማሽ አምፔር እንኳ አይበሉም። ጣጣው ሾርት ነው። አንድ ፉርጎ ሃዲድ ማስቀየሪያው ላይ ከመስመር ሲወጣ የብረት ጎማው ሁለቱን ሃዲድ ያገናኛል፤ መሣሪያውም ራሱን ለማዳን ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ወልቂጤ ላይ አንዱ ሲሳሳት ለገሃር ያለው ባቡር ይቆማል። ስድስት ሰው በአንድ አፍ "ማነው?!" ይላል፣ ማንም ደግሞ እኔ ነኝ አይልም።

መላው የቆየ ነው። መስመሩን ሦስት ቦታ ትከፍልና የእያንዳንዱ ክፍል መግቢያ ሽቦ ላይ የመኪና አምፖል መሃል ታስገባለህ። ባቡሩ በደህና ሲሄድ አምፖሉ ወይ አይበራም ወይ ጭል ይላል። ሾርት ሲመጣ ቦግ ብሎ ጭነቱን እሱ ይሸከማል፣ የተቀረው መስመር ሥራውን ይቀጥላል። እኔ የገዛሁት የባጃጅ ፍሬቻ አምፖል ነው፣ 12 ቮልት 10 ዋት። የፍሬኑ 21 ዋት ስለሆነ ለዚህ ሺልድ ይበዛበታል። መለዋወጫ ሱቅ ሄጄ ሦስት ስጠኝ ስለው "ስንት ባጃጅ ነው ያለህ?" አለኝ። ባቡር ነው ብለው ደግሞ እሱም ግንባሬን ያያል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ወልቂጤ ላይ አምፖል ሲበራ ጥፋተኛው ከነፊቱ ይታያል።

ኢንጂን ድራይቨር ደግሞ ስልኩን የባቡር መሪ የሚያደርገው አፕ ነው። ነፃ ነው፣ አንድሮይድ ላይ ይጫናል። አርዱዊኖው ላይ የተጨመረችው ሰሌዳ ራሷ ዋይፋይ ስለምትሰጥ ራውተር አያስፈልግም፤ ስልኩን ከእሷ ጋር አገናኝተህ የሎኮሞቲቩን ቁጥር ትመርጣለህ። ወደላይ ወደታች የሚጎተት የፍጥነት መስመር፣ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ማቆሚያ፤ ከዚያ መብራትና ጥሩምባ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም ለማያነብ ሰው በሁለት ደቂቃ አሳይቼ ነድቷል። በጣም የወደድኩለት የስልኩን ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፍ ለፍጥነት መጠቀም መቻሉን ነው፤ ዓይን መሆን ያለበት ፉርጎው ላይ ነው እንጂ ስክሪኑ ላይ አይደለም። ስልኩ ከዋይፋዩ ቢቋረጥ ባቡሩ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ ይቆማል። ከ10 ዘጠኝ ሰጥቼዋለሁ።

አሥር ያልሞላው በአማቼ ምክንያት ነው። ስልክ ስልክ ነውና ይደወላል። አማቼ ወሊሶን አልፎ ወደ ለገሃር እየነዳ ሳለ ተደወለለት፤ ስክሪኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ "ሄሎ፣ አዎ አዎ፣ መንገድ ላይ ነኝ" አለ። ውሸትም አይደለም። ባቡሩ ለገሃር ገባ፣ ማቆም የነበረበት ቦታ አልቆመም፣ መጨረሻ ላይ የሠራሁትን የእንጨት መከላከያ ገፍቶ ሁለት ፉርጎ ይዞ ወለል ላይ ወረደ። ሴቲንግ ውስጥ ስልክ ሲመጣ ባቡሩን የሚያቆም ምርጫ አለ። አብሩት። ከዚያ የሚሻለው ግን ሲም የሌለው አሮጌ ስልክ ነው። የማን ቤት መሳቢያ ውስጥ የለም? ስክሪኑ የተሰነጠቀም ይነዳል። እኔ አራት ሰብስቤያለሁ።

እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ ተሟልቶ ግን የመጀመሪያው ፈረቃ ከሸፈ። ስድስት ሰው ጠራሁ፣ ሦስቱ ባቡር ያዙ፣ አሥር ደቂቃ ተሳቀ፣ ቪዲዮ ተቀረጸ። ከዚያ አንዱ "እና አሁንስ ምን እናድርግ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቡናው ቶሎ እንዲፈላ ወደ ጓዳ ምልክት ሰጠሁ። ስለ መሣሪያ ብቻ የሚያወሩ ግምገማዎች ይኼን አይነግሩህም፤ ሰው የሚመጣው ለባቡሩ ነው፣ የሚቆየውና ተመልሶ የሚመጣው ግን ሥራ ሲኖረው ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛው ፈረቃ የሥራ ድርሻ አወጣሁ፤ ስሙን ደግሞ ከመናኸሪያ ወሰድኩ፣ ማንም ማብራሪያ እንዳይፈልግ። ሁለት ሾፌር፣ ለእያንዳንዱ አንድ ረዳት፣ ጅማ ጣቢያ ፉርጎ የሚያሰልፍ አንድ ተራ አስከባሪ፣ መውጫ የሚሰጥ አንድ ስምሪት። ረዳቱ ወረቀቱን ይዞ የቱ ፉርጎ የት እንደሚቀር ይናገራል፣ ይፈታል፣ ይቀጥላል፤ ሾፌሩ ይነዳል። ሦስተኛው ባቡር ጅማ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የምታመላልሰው ትንሿ ናት፤ መሪዋ ያለው ተራ አስከባሪው እጅ ነው።

ተራ አስከባሪው መጀመሪያ ተማሪው ነበር። ሰባት ፉርጎ፣ ሦስት አጭር ሃዲድ፤ አንዱን ለማውጣት ሦስቱን ማንሳት አለብህ፣ ሦስቱን የምታስቀምጥበት ቦታ ደግሞ አራተኛው ቆሞበታል። ልጁ ሃያ ደቂቃ ታገለ። ሂርማታ መርካቶ እህል የሚነግዱ ጎረቤታችን ለባለቤቴ ወንፊት ሊመልሱ መጥተው በር ላይ ቆመው ያዩታል።

"ልጄ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ምን አድርገህ እዚያ ጥግ ቀበርከው?"

"እንዴት ላድርገው ታዲያ እትዬ?"

"አይሱዙ ጭነህ አታውቅም? ቶሎ የሚወርደው ቶሎ የሚነሳበት ነው የሚቀመጠው።"

ነጠላቸውን ወደኋላ ጣል አድርገው ገቡ። ስልኩን አልነኩትም፤ በጣታቸው ብቻ "ይኼን ወዲያ፣ እሱን ወዲህ" እያሉ ወልቂጤ የሚቀሩትን ሎኮሞቲቩ ጀርባ አስጠጉ፣ የወሊሶዎቹን ከነሱ ኋላ፣ የለገሃሮቹን ጭራ ላይ። አራት እንቅስቃሴ ነው የፈጀባቸው። ሾፌሩ ወልቂጤ ሲደርስ የፊቶቹን ይዞ ወደ ጎን ሃዲድ ገፋ፣ ፈታ፣ ተመልሶ ቀሪውን ይዞ ሄደ። ባቡር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ አስከባሪያችን እሳቸው ናቸው፤ ተማሪው ወደ ሾፌርነት ወርዷል። እሱ አድጌያለሁ ነው የሚለው።

ስምሪት ላይ ጡረታ የወጡ መምህር ጋሼ አሉ። ሳሎን ላፕቶፕ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ባቡሩን አያዩትም፣ ማየትም የለባቸውም። መስመሩ ነጠላ ስለሆነ ሁለት ባቡር መተላለፍ የሚችለው ወልቂጤና ወሊሶ ላይ ብቻ ነው፤ ያለ ጋሼ ፈቃድ ከጣቢያ የሚወጣ የለም። ለመነጋገሪያ ስልክ እንዳንጠቀም ስልኩ መሪ ሆኗል። በሳሎኑና በሰርቪሱ መካከል ባለው መስኮት ነው የምንጮኸው።

"ጋሼ፣ ከጅማ ልውጣ?"

"ቆይ፣ ከወሊሶ የተነሳ አለ።"

"ጋሼ ቡናው ይበላሻል!"

"ቡና አይበላሽም። ቆይ አልኩህ።"

ጋሼ ላፕቶፑ ላይ የሚያዩት ጄኤምአርአይ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ይኼኛው ላይ ሐሳቤ ሁለት ነው። ሰዓቱን ወድጄዋለሁ። ፈረቃ ላይ ሰዓት በፍጥነት ነው የሚሄደው፤ እኛ አራት እጥፍ ስላደረግነው ሁለት ሰዓት ተኩሉ አንድ የአሥር ሰዓት የሥራ ቀን ይሆናል። ያኔ "የጠዋቱ ባቡር ዘገየ" የሚለው ነገር ትርጉም ያገኛል። ቁጥር የሚያሳየውን ሰዓት ስንጠቀም ግን 13፡00 ሲል ጋሼ ተቆጡ፤ "አሥራ ሦስት ሰዓት የሚባል የት አገር ነው?" አሉ። ፕሮግራሙ ባለ ዘንግ ሰዓትም ስላለው 12 ላይ አስነስተን ለቀቅነው። ንጋት 12፣ ከዚያ 1፣ 2፣ 3፤ የኛው ሰዓት ሆኖ አረፈው።

ጭነት የሚመድበውን ክፍል ግን ትቼዋለሁ። ፉርጎዎቹን፣ ጣቢያዎቹን፣ መጋዘኖቹን ሁሉ ካስገባህለት የቱ ፉርጎ የት እንደሚሄድ ራሱ ወስኖ ለየባቡሩ ዝርዝር ያትማል። ጎበዝ ነው። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ፈጅቶብኛል። ፕሪንተርም የለኝ፤ በየፈረቃው ፍላሽ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት መሄድ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዝግ፣ እንግዶቹ በር ላይ።

አሁን የምንሠራው በመሸኛ ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ ካርድ አለው፣ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ፤ ቁጥሩና ዓይነቱ ተጽፎበት ከታች ኪስ አለው። ኪሱ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ወረቀት አለች፤ እሷ ናት መሸኛዋ። አራት ትእዛዝ ትይዛለች፤ በፊቷ ሁለት፣ በጀርባዋ ሁለት፣ ከላይና ከታች። "ከጅማ ቡና መጋዘን ወደ ለገሃር" ይላል አንዱ፤ ፈረቃው ሲያልቅ ወረቀቷን ስታገላብጣት "ባዶውን ወደ ወልቂጤ፣ እህል ጫን" ይላል። ፉርጎው ባለበት ይቆያል፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚያው ይነሳል። እንግዶች ከሄዱ በኋላ ብቻዬን መሸኛ ማገላበጥ እወዳለሁ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቡና በሚነገድበት ከተማ ደግሞ ያለ መሸኛ ጭነት እንደማይንቀሳቀስ ለማን ይነገራል? አማቼ እንኳን አንድ ቀን ያለ ካርድ ፉርጎ ሲጎትት እትዬ "ኮንትሮባንድ!" ብለው ጮኸውበታል።

ስለ ጅማ አየር ካላነሳሁ ውሸታም እሆናለሁ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ቺፑድ ነበር። ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ ወረደ፣ ቺፑዱ እርጥበት ጠጥቶ ጠርዙ እንደ ዳቦ ተነፋ፤ ግቤ ላይ ሃዲዱ ጉብ ብሎ ፉርጎ ሁሉ እዚያ ይወጣ ጀመር። አፍርሼ በደንብ የደረቀ ዋንዛ አስደረግሁ፤ የሠራልኝ በርጩማ የሚሠራ ሰው ነው። የሃዲድ ጠረጴዛ ሠርቶ አያውቅም፣ እግሩን ግን እንዳይወላገድ አድርጎ መትቶታል። ሃዲዱም ቶሎ ይጠቁራል፤ ከፈረቃ በፊት ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል በጨርቅ ይጠረጋል። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል እንዳትሞክሩ፤ ሃዲዱን አጣብቆ ባቡሩ በየክንዱ ይንገጫገጭ ነበር። ሞኙ እኔ ነኝ።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል ለምትሉ፤ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ስልኮቹም አላቸው፣ ዲሲሲ-ኢኤክሱን ከመኪና ባትሪ ጋር ነው ያገናኘሁት። ሺልዱ ከ12ቱ ቮልት የተወሰነውን ስለሚበላ ባቡሮቹ በባትሪ ትንሽ ዘገም ይላሉ፤ የጭነት ባቡር ነው፣ ይዘግይ። አንድ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ሆኖ እኛ በሎኮሞቲቮቹ የፊት መብራት ስንሠራ፣ ከግቤ ማዶ ብርሃኗ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ታየች፣ ከዚያ ሃዲዱ አበራ፣ ከዚያ ባቡሯ መጣች። ማንም አላወራም። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ እትዬ "አጥፉት" አሉ።

ለማስተናገድ ላሰበ ሰው የምጨምረው ትንሽ ነው። ሦስት ባቡር ለስድስት ሰው ይበቃል፤ አራተኛውን ስጨምር ሁሉም ቆሞ መጠበቅ ሆነ። መተላለፊያውን አታጥብቡ፤ የኔ 55 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ሚኒባስ ውስጥ "ወራጅ አለ" እንደማለት ነው። ቡናውን መሃል ላይ፣ ሰዓቱን አቁማችሁ፣ ከባቡሩ ክፍል ውጭ አቅርቡ። አንድ ስኒ ለገሃር ላይ ተደፍቶብኛል፣ ጠረኑ እስካሁን አለ።

አንድ ያልተፈታ ጉዳይ አለን። ቁጥር 14 የቡና ፉርጎ ከኅዳር ጀምሮ ጠፍቷል። ካርዱ ወሊሶ ነው ይላል፤ ወሊሶ ላይ የለም፣ ከጠረጴዛው ሥርም የለም። የስድስት ዓመቱን ልጄን ጠይቄው "እኔ ምን አውቃለሁ" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ጋሼ ካርዱን እንዳላወጣው ከልክለውኛል። በየፈረቃው መጀመሪያ በመስኮቱ በኩል "አሥራ አራት ቁጥር ደረሰ?" ይላሉ፤ ወሊሶ ያለው ረዳት "መንገድ ላይ ነው ጋሼ" ይላቸዋል።